የላይኛውና የታችኛው ማሳ ስንዴ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ከአጨዳው ወዲህ ተሻለህ? እናታችን አሁንም በየማለዳው እየተነጫነጨች ጉልበቷን ታሻለች ወይስ ሕመሙ ማራት? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኔን ሳምንቱን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፤ አሁን ድኜ ሥራ ገብቻለሁ። ከአቧራው በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። እዚህ የእህል መመርመሪያ ግቢ ሳያስነጥስ የዋለ ሰው ካለ እሱ ነው የታመመው።

ደብዳቤህንና በሹፌሩ እጅ የላክኻቸውን ሁለት ከረጢት ስንዴ ተቀብያለሁ፤ አንዱ ከላይኛው ማሳህ፣ አንዱ ከአጎታችን ከታችኛው ማሳ። ለአጎታችን "ከእንግዲህ የእርስዎ ለብቻ፣ የእኔ ለብቻ" እንዳልካቸው ስትጽፍልኝ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከአያታችን ጊዜ ጀምሮ በአንድ አውድማ ተወቅቶ ከአንድ ክምር ሲሸጥ የኖረ እህል! ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም ትላለህ። ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነኝ። አምና "የላይኛው ማሳ ስንዴ ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው፤ ከአጎታችን ስንዴ ጋር አትቀላቅለው፣ ዋጋ ይቀንስብሃል" ብዬ የጻፍኩልህ እኔው ነኝ። እንግዲህ ልንገርህ፤ ተሳስቼ ነበር።

እዚህ ሥራው እንዲህ ነው። መኪናው እንደቆመ አንድ ሠራተኛ ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ብረት ይዞ ጭነቱ ላይ ይወጣና ስምንት ቦታ እስከ ታች እየወጋ ናሙና ያወጣል። ጥሩውን ከላይ፣ ገለባውን ከታች የሚያደርግ ብልጥ እዚያ ሰፈር ካለ ይህ ይድረሰው። ናሙናው ወደ እኛ ክፍል ይመጣል። እንነፋዋለን፣ የተሰበረውን እንለቅማለን፣ እርጥበቱን እንለካለን። ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ፕሮቲኑ ነው፤ እሱን ማሽኑ ይነግረናል። ሌላው ክብደቱ ነው፤ አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ሞልተን፣ አፉን በእንጨት ጠርገን እንመዝነዋለን። ፍሬው ሙሉ ከሆነ ጣሳው ይከብዳል፣ ቀጫጫ ከሆነ ይቀላል። አንደኛ ደረጃ ለመባል ፕሮቲኑ ከመቶ አሥራ ሁለት፣ ጣሳው ደግሞ ሰባት መቶ ስልሳ ግራም መድረስ አለበት። አንዱ ካነሰ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ልመና አይሠራም። የዋጋው ልዩነት ከስድስት ኩንታል አንዱን በነፃ እንደመስጠት ነው።

አምና ያንን የጻፍኩልህ ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ያኔ የሚያስነኩኝ የፕሮቲኑን ማሽን ብቻ ነበር፤ ስለ ጣሳው ማን ነግሮኝ! ግማሹን አውቄ ሙሉ ምክር ሰጠሁህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ከረጢቶችህን በምሳ ሰዓት ከአለቃዬ ጋር መረመርናቸው። አለቃዬን በሌሉበት "ወንፊት" ነው የምንላቸው፤ ጠጠር አያሳልፉም። ያንተ ስንዴ ፕሮቲኑ አሥራ ሦስት ተኩል ወጣ። ቆይ፣ አትኩራ። ጣሳው ሰባት መቶ ሰላሳ ነው። ዝናቡ ቶሎ ስለቆመበት ፍሬው ቀጥኗል፤ ሁለተኛ ደረጃ። የአጎታችን ደግሞ ጣሳው ስምንት መቶ፣ ውሃ ጠግቦ ያደገ ድፍን ያለ ፍሬ፤ ፕሮቲኑ ግን አሥር ተኩል። እሳቸውም ሁለተኛ ደረጃ። ወንፊት ሁለቱን የውጤት ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው የማን የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የአጎትና የወንድም ልጅ ነው ብላቸው፣ ታዲያ ምን ሆነው ለያዩት አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ እኩል እኩል ሰፍረው ቀላቀሉና ድጋሚ እንድለካ ሰጡኝ። ፕሮቲኑ አሥራ ሁለት፣ ጣሳው ሰባት መቶ ስልሳ አምስት። አንደኛ ደረጃ! ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ ያው ነው።

የባሰውን ልንገርህ። ለየብቻ ብትሸጡትም ለየብቻ አይቀርም። ነጋዴው ከሁለታችሁም በሁለተኛ ደረጃ ዋጋ ይገዛል፣ መጋዘኑ ውስጥ ያቀላቅለዋል፣ እህሉን ወደ ውጭ አገር ለሚልከው ለላኪው ድርጅት በአንደኛ ደረጃ ያስረክባል። በየቀኑ በዓይኔ የማየው ነው። ሌብነት እንዳይመስልህ፣ የተፈቀደ ንግድ ነው። እናንተ ተኳርፋችሁ እሱ ስንዴያችሁን ያስታርቃል፣ የእርቁንም ትርፍ ይበላል።

ስለዚህ አንድ ጆንያ ካንተ፣ አንድ ጆንያ ከሳቸው እየገለበጣችሁ በአካፋ ደህና አድርጋችሁ አዋህዱትና ለነጋዴው ሳትሰጡ ራሳችሁ ለላኪው አምጡት። ላኪው መግዛት የሚያቆመው በየካቲት መጨረሻ ነውና ቀን አትቁጠር።

እልህህን አውቀዋለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ አንተማ ሳታላምጥ ነው የምትውጠው። ምን ብዬ ልጀምር ካልክ ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርገው፣ ውሸት አይደለም። ደጃቸውን ያልረገጥከው ግን አንተ ነህ፤ እሱን ልሸከምልህ አልችልም። አባታችን በሞተ ዓመት የራሳቸውን ማሳ አቆይተው መጀመሪያ የኛን ያረሱት ማን ናቸው? ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለባለቤትህ ሹራቡ ደርሶኛል በላት፤ እጅጌው እንዳጠረኝ ግን እንዳትነግራት። ትልቁ ልጅህ ትምህርቱን ጠበቅ እንዲያደርግ ንገረው፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለአጎታችንና ለባለቤታቸው ግን በዚህ ወረቀት ሰላምታ አልጽፍም። እሱን አንተው በእግርህ ሄደህ አድርስልኝ፤ በር ላይ ቆመህ ሳይሆን ገብተህ፣ ተቀመጥ ሲሉህም ተቀምጠህ።

እህትህ

ከእህል መመርመሪያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥር ፳፮ ቀን