የሦስተኛው መርፌ ትኩሳት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1976

ክንዴ ዝሏል። ቀበሌው ከጠዋት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ሲጣራ ስለዋለ የክሊኒኩ ግቢ በእናቶች ጢም አለ። የክትባት ሳጥኑ በረዶ ሳይሟሟ ጨረስን። ኃላፊያችን አቶ አብተው እንኳ ፈገግ አሉ... ተአምር ነው።

እንደ ልማዴ፣ «ማታ ያተኩሳቸዋል፤ አትደንግጡ። ክትባቱ ይዞላቸዋል ማለት ነው» አልኳቸው። አሁንማ ከእኔ ቀድመው ይሉታል። አምና ትኩሳቱን ፈርተው ሁለተኛውን ዙር የቀሩት ብዙ ነበሩ። የመለሰቻቸው ይቺ ንግግሬ ናት። ኮራሁባት፣ ምን እደብቃለሁ።

ጎረቤቴ ዙለይካም ልጇን ሽኩርን ሦስተኛውን አስወጋችው። አራት ወሩ ነው። መርፌው ሲገባ ጣቴን ጨብጦ ያዘኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ገበያ ላይ የዙለይካ እህት ፋዲላ አስቆመችኝ።

«ሲስተር፣ ሽኩር ትኩሳቱ አለቀቀውም። ጡትም ጠላ።»

ሲስተር አይደለሁም፣ ጤና ረዳት ነኝ። ብናገር ማን ይሰማኛል...

«ሦስተኛው ጠንከር ይላል። አትደንግጪ በያት» አልኳት። የመቂ ቲማቲም ገብቷል። ጥሩ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ለሥራ ስወጣ ዙለይካ ሽኩርን ታቅፋ በሬ ላይ ቆማለች። ዓይኑ ተሰቅሏል። እርግብግቢቱ አብጧል። አንገቱን ላጎንብሰው ብል... እንደ እንጨት ደርቋል።

በጋሪ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ከአከርካሪው ውሃ ቀዳ። ደፍርሷል።

«ማጅራት ገትር ነው። መቼ ጀመረው?»

«ማክሰኞ ማታ» አለች ዙለይካ። «ከተከተበ በኋላ።»

«ከክትባቱ ነው?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«ክትባቱ ምንም አላደረገውም። ግን ይህን ጀርም አይከላከልም፤ እኛ የምንከትበው ለሌላ ነው። ትናንት እንኳ ብታመጡት...» አልጨረሰውም።

ትናንት። ሐሙስ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ሽኩር ሞተ። ከቀትር በኋላ ቀበሩት። አባቱ ኑሬ የጭነት መኪና ይዞ አሰብ ነው፤ አልደረሰም።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ለቅሶ ደረስኩ። በሩ ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ዙለይካ ግን አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ትኩሳቱ ሲብስበት ደስ ይለኝ ነበር፣ ሲስተር። በደንብ ይዞለታል ብዬ።»

ቤታቸው ከቤቴ ሦስተኛው በር ነው። ገብቼ ማየት አቅቶኝ ቲማቲም እመርጥ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

አቶ አብተው የወሩን ሪፖርት አመጡ። ሽኩር ኑሬ፣ ሦስቱን ዙር የጨረሰ።

«ሞቷል እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ነፍሱን ይማር። ግን ጨርሷል አይደል? ለሞተ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ከእንግዲህ ስለ ትኩሳቱ ሌላ ነገር ልናገር መሆኔን ነገርኳቸው። «ታስፈራሪያቸዋለሽ፤ ይቀራሉ» አሉ። እውነታቸውን ነው... ከቀሩ ደግሞ ልጆቹ በትክትክ ያልቃሉ። ሌሊቱ ተጋምሷል፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26

የክትባት ቀን። «ዛሬ ማታ ያተኩሳቸዋል» ስል «አትደንግጡ!» ብለው ተቀበሉኝ።

«ነገ ካልለቀቃቸው ደንግጡ። ጡት እምቢ ካሉም ደንግጡ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡልኝ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ሊጠቅም ትወጊያቸዋለሽ?» አለች አንዷ።

«ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ ያድናል። ከሁሉም አያድንም።»

አራት እናቶች ሳያስከትቡ ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ። አቶ አብተው በመስኮት ያያሉ። የቀሩትን ከተብኩ።

ማምሻውን በሬ ተንኳኳ። ሎሚ ናት፣ ከጠዋቶቹ እናቶች አንዷ። ልጇ ትንሽ አተኩሶታል።

«እስከ ነገ ጠብቂ ብለሽ ነበር... ፈራሁ» አለች፣ አፍራ።

ተቀብዬ ታቀፍኩት። እርግብግቢቱን ዳሰስኩ። ደህና ነው። አንገቱን ቀስ ብዬ አጎነበስኩት። ታጠፈ። እንደገና አጎነበስኩት።