እናቴ ሰው መሆኗ እስኪጣራ ድረስ

ለተከበሩ የሙዚቃ መተግበሪያው የአድማጭ ቆጠራ ክፍል ኃላፊ፤

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ስድስቱም ዘፈኖቼ ከመተግበሪያዎ ተነሥተዋል። ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ ድካም የማያውቁትን ማሽኖችዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ እመኛለሁ።

እኔ በሰው ሰርግ ጊታር እየመታሁ የምዘፍን ሰው ነኝ። የእርስዎ ክፍያ ለጊታሬ ክር እንኳ ባይበቃም ቅሬታ የለኝም። ዳሩ ግን የዛሬ ደጋሽ ድምፄን ከመስማቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ ስንት ሰው እንደሰማኝ ስለሚያይ፣ ከመተግበሪያዎ የጠፋ ዘፋኝ ከሰርግ ቤትም ይጠፋል። ስለዚህ በትሕትና አመለክታለሁ፦

፩ኛ. ማሽንዎ አንድ አድማጭ አንዱን ዘፈኔን በቀን አርባ ጊዜ እንደሚሰማ ደርሶበት፣ ሰው ሳይሆን ቁጥር ለማሳደግ የተገዛ ማሽን ነው ብሏል። ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ። አድማጯ እናቴ ናት። ወገቧን ታማ ከተኛች ወዲህ ዘፈኑ እንዲደጋገም አድርጌ ስልኩን ትራስጌዋ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ። ጎረቤቷ ዘፈን ልትቀይርላት ብትሞክር፣ ልጄን ካፉ ላይ ትነጥቂዋለሽ እንዴ ብላ ተቆጥታለች።

፪ኛ. በላኩልኝ ቅጽ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፦ አድማጩ ማሽን መሆኑን አምናለሁ፣ ወይም አላምንም። ያመነ ዘፈኑ በሳምንቱ ይመለስለታል፤ ያላመነ ስድስት ወር ይጣራበታል። የሰርጉ ወቅት ሦስት ወር ነው። ስለ ምርጫው ስፋት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ቅጹን የሞላሁት ከእናቴ አልጋ ግርጌ ተቀምጬ ነው። ምን እንደምጽፍ ብትጠይቀኝ የሥራ ጉዳይ ነው አልኳት፤ እሷም እጅህ ይባረክ አለችኝ። በዚያው እጄ፣ ዘጠኝ ወር በሆዷ የተሸከመችኝ ሴት ማሽን መሆኗን አምናለሁ ብዬ ፈረምኩ። በፊርማዬ መሠረት እሷ እንደ ማሽን ተቆጥራ፣ ስልኳ ላይ ያለው መተግበሪያ ቀድሞ ካወረድኩላት ዘፈን ጋር ወዲያው ተዘጋ። ስልኩ ውስጥ ለምን መዝፈን እንዳቆምኩ በጠየቀችኝ ቁጥር ኔትወርክ ነው እላታለሁ፤ እሷም ታምነኛለች።

ቀና ብሎ ሊያይዎት የማይደፍር፣
እናቱን በፊርማው የካደ ጊታር መቺ

ማስታወሻ፦ ከማሽኖችዎ መካከል የአንድን ሰው ዘፈን አርባ ጊዜ ሰምቶ አርባ አንደኛውን የሚናፍቅ ከተገኘ፣ እባክዎ ወደ ሰው ደረጃ ያሳድጉት፤ ከእኔ የተሻለ ልጅ ይወጣዋል። ፊርማዬን ለማንሣት የሰጡኝ ጊዜ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል፤ እስካሁን አላነሣሁም።