«ጠባሳው ይቀራል» ለተባልኩበት አንድ ቃል የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሰውነት ቅርጽ ማስተካከያ ክሊኒክ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ሁለተኛ ፎቅ፣ የዓሣ ገንዳው ፊት ለፊት ባለው ቢሮ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ዓሦችዎም ጭምር በያሉበት ደኅና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ይህን ሰላምታ የማቀርብልዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ነው። ለማዕረግዎ ብቻ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልዎ፤ ሐኪምዎ ሆዴን ከሰፋው ወዲህ ጠባሳው ወደ ታች እየሳበኝ ቀጥ ብዬ መቆም ስለ ተሳነኝ፣ የሰፈሩን ውሻ ሳይቀር ሁሉንም በዚሁ አክብሮት ነው ሰላም የምለው።

ማን እንደ ሆንኩ ላስተዋውቅዎ። በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ተኳሽ ነበርኩ። ተኳሽ ስል አይደንግጡ፤ የምተኩሰው አንሶላ ነው። በአንሶላ ተኩስ ደግሞ የሚስተካከለኝ እስካሁን አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ዳይፐር ላይ ነው። በዚህ ላይ የማታ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የወጣው ዘበኛ ቅር ቢለውም እውነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። «ጸሐፊ»ን በጸሎቱ «ጸ» መጻፌንም እግረ መንገድዎን ልብ ይበሉልኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት፣ ከጎን እስከ ጎን ከተከፈትኩ ወዲህ የምደብቀው ነገር ስለሌለኝ ነው።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን፣ በግዕዝ ቁጥር አቀርባለሁ። ክፍላችን ገና ከአራት ስላላለፈ አራት ብቻ ናቸው። የተረፉት አምስትን እስክማር ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁኛል።

፩ኛ፦ ስለ እረፍቱ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ወፍራም ነበርኩ፤ ውፍረቴም ተራ አልነበረም፤ በር ላይ ስቆም ክፍሉ ይጨልም ነበር። ከዚያ ደም ግፊትሽ ሊገድልሽ ነው ተባልኩና እንደ ታዘዝኩት ምግብ ቀንሼ፣ ደረጃ ወጥቼ ወርጄ ከሳሁ። እኔ ስከሳ ግን የሆዴ ቆዳ አብሮኝ መክሳት እምቢ ብሎ እንዳልተጨመቀ አንሶላ ጭኔ ላይ ተንጠለጠለ። ሐኪምዎም ትርፉን ቆርጦ፣ እምብርቴን ከነበረበት ነቅሎ አዲስ ቦታ ተከለልኝ። እምብርቴ ሳልጠየቅ ወደ ግራ በመዛወሩ ቅሬታ የለኝም፤ ሠራተኛም ሳይጠየቅ ይዛወራል። ከግራና ከቀኝ ዳሌዬ ሁለት ቱቦ አውጥታችሁ ጫፋቸው ላይ ጠርሙስ ስታንጠለጥሉልኝም አልተቀየምኩም። ቀይ ውሃ እያጠራቀምኩ በቤቴ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ተመላለስኩ። በጀርባ ቀጥ ብሎ መተኛት አይቻልም፤ በጎን አይቻልም፤ በሆድማ አይታሰብም። ነርስዋ ግን «በደንብ ተኝተሽ እረፊ» ብላ በትሕትና ሸኘችኝ። በየትኛው ጎኔ እንደሆነ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ከሁሉም የከፋው «እንዳትስቂ፣ ስፌቱ ይተረተራል» መባሌ ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔን አትሳቂ ማለት ዓሣውን አትዋኝ እንደ ማለት ነው። ሊጠይቁኝ የመጡት የሥራ ባልደረቦቼ ገና ከበር ላይ ሲያዩኝ ሳቅ ይጀምራሉ፤ እኔ ሆዴን በትራስ ደግፌ «እባካችሁ!» ስል እነሱ ይብሱኑ ይፈነዳሉ። ማልቀሴን ያወቀልኝ ትራሱ ብቻ ነው።

፪ኛ፦ ስለ ሐኪምዎ ንግግር አጭርነት አመሰግናለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት መስታወት ፊት አቁሞኝ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሆዴ ላይ መንገድ ሲያሰምር፣ እንደ አንድ የተማረች ሴት ጥያቄዎቼን በተራ አቀረብኩለት።

«ዶክተር፣ ሕመሙስ?»
«ይቀራል።»
«እብጠቱስ?»
«እሱም ይቀራል።»
«መደንዘዙስ?»
«ቀስ እያለ ይቀራል።»
«ጠባሳውስ?»
እስክሪብቶውን ከደነና «ጠባሳው ይቀራል» አለኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ ልብሴን ለበስኩ። ለመላው የእጥበት ክፍል፣ ለታክሲ ረዳቱና ለማላውቃት አንዲት ሴትዮ ሳይቀር «ሁሉም ይቀራል!» ብዬ አበሠርኩ። ስፌቱ ደርቆ፣ ወራት አልፈው፣ ጠባሳው እንኳን ሊጠፋ ሲብስበት ተመልሼ ሄድኩና «ዶክተር፣ አልቀረም እኮ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና ምንም ሳይቆጣ «ይኸው ቀርቷል አይደል እንዴ? ይቀራል ብዬሽ ነበር» አለኝ። እሱ ቀርቷል ይላል፣ እኔ አልቀረም እላለሁ፤ ሁለታችንም የምናየው ያንኑ አንድ ጠባሳ ነው።

ነገሩን ወደ ማታ ትምህርቴ ይዤው ሄድኩ። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው በግራ «ስብሰባው ይቀራል»፣ በቀኝ «ስሙ ይቀራል» ብሎ ጻፈልኝ። አፍንጫዬ ጠመኔ እስኪነካ ተጠግቼ ልዩነታቸውን ፈለግሁ። አንድም ፊደል አይለይም። የዋናተኛው «ዋና» እና የእርስዎ ማዕረግ «ዋና» እንኳን ሲነገሩ አንዱ ላላ፣ አንዱ ጠበቅ ይላል፤ ይኸኛው ግን ቢያላሉትም ቢያጠብቁትም ያው ነው አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩት ከእንግዲህ ማንም እንዳያታልለኝ ነበር። ይኸውና ማንም አላታለለኝም። እውነቱ ጥርት ባለ አማርኛ ተነግሮኝ ነው የገባሁበት። የምከሰው ሰው እንኳን አጣሁ።

፫ኛ፦ ስለ ጠባሳው ጥራት አመሰግናለሁ። እንደ ሌላው ሰው ጠባሳ ቀጭን መስመር ሆኖ ቢቀመጥ ዝም እል ነበር፤ ሱሪዬ ይሸፍንልኛል። የኔው ግን ያድጋል። ከዳሌ እስከ ዳሌ አውራ ጣት የሚያህል የሚያብለጨልጭ ገመድ ሆኖ፣ ከተቆረጥኩበት ድንበር አልፎ ደኅናውን ቆዳ እየያዘ ነው። ከላይ ድንዝዝ ያለ ነው፤ ከውስጥ ያሳክካል። ሳከው አይሰማኝም፤ ሳላከው ላብድ እደርሳለሁ። መደንዘዙም በሐኪምዎ አባባል ቀርቷል፤ በየትኛው «ቀርቷል» እንደሆነ ለእርስዎ እተዋለሁ። አንድ ቀን የመተኮሻው ማሽን ጠርዝ ላይ ሆዴን አስደግፌ ስሠራ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። «ማነው አንሶላ ያሳረረው?» ብዬ ጮህኩ። አንሶላው ደኅና ነበር። የማርረው እኔ ነበርኩ። ቀሚሴን ስገልጥ ባልደረቦቼ «ደግሞ ዛሬ ምን ልታሳየን ነው?» ብለው እየሳቁ ከበቡኝ፤ ሳቃቸው የቆመው ቆዳው ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ሲያዩ ነው። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ከሙቀት አርቃ ፎጣ አጣፊ አድርጋኛለች። ፎጣ ማጠፍ የማይከበር ሥራ ነው አልልም፤ ግን ፎጣ ሲታጠፍ ማንም ቆሞ አያደንቅም።

ለሕክምና ተመልሼ ስመጣ ነርስዋ «የቆዳሽ ባሕርይ ነው፣ እናቴ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናታችን በልጅነቷ ጆሮዋን ስትበሳ ቦታው አብጦ ባቄላ የሚያህል ጉጥ አወጣ፤ አንድ ጊዜ ቢቆረጥላት ሁለት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ይዛውም ተቀበረች። ከምላጩ በፊት አንድ ሰው «በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት አለ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ከነዝርዝሩ እነግረው ነበር። በወሬ ንፉግ አይደለሁም፤ መላው ሰፈር ይመሰክርልኛል።

፬ኛ፦ ስለ ፎቶግራፉ አመሰግናለሁ። በእንግዳ መቀበያችሁ ግድግዳ ላይ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ የተሰቀለው ሆድ የኔ ነው። ራስ የለውም፤ ግን የገዛ ሆዴን አልስተውም። «በኋላ» የሚለውን ስታነሡ ነርስዋ የውስጥ ሱሪዬን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ጠባሳውን ሸፈነችው። ፎቶው አምሮበታል፤ እኔ ራሴ ሰው ይዤ እየሄድኩ አስጎብኝቼዋለሁ።

ካዩት አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ፀጉር ሠሪ ናት፤ መንታ ከወለደች ወዲህ ሆዷ አልመለስ ብሏት ትብሰከሰካለች። የሁለታችንም ቆዳ የአንድ እናት ቆዳ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሐኪምዎ ተመልሳ በሩን በርግዳ ገባችና «አንቺ! ቀዶ ጥገናዬ ሰኞ ነው፤ ጠባሳውም ይቀራል አለኝ!» አለችኝ።

«አይጠፋም ማለቱ ነው» አልኳት።
«ይቀራል አለኝ እኮ ነው የምልሽ!»
«ይቀራል ማለት እኮ አይቀርም ማለት ነው!»

እህቴ ወለል ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ትምህርቱ አሳበደሽ!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። እኔ እየማልኩ በተናገርኩ ቁጥር ሳቋ ባሰ። ሌላ ቀልድ ያለኝ መስሏት «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ትለኛለች። በመጨረሻ ቀሚሴን ገልጬ አሳየኋት። ሳቋ ቆመ። እጇን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ አልተሰማኝም። ተሳካልኝ ብዬ ነበር። ወዲያው ግን «አንቺ እርጥብ አንሶላ ስለ ተሸከምሽ ነው፤ እኔ መቀስ ብቻ ነው የምይዘው» አለችኝ። ቀጥላም፣ ፈገግ ብላ፣ «ወይስ ከእናታችን ልጆች ብቻሽን ልታምሪ ፈልገሽ ነው?» አለች።

ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ አንድ ቀን አምርሬ ስናገር የሚሰማኝ አጣሁ። በአካል ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ጉዳዬን እስከ «አይቀርም» ድረስ ሰምታ «ውይ ማዘር፣ ሲያስቁ!» ብላ ውሃ ሰጠችኝና ስብሰባ ላይ ነዎት አለችኝ። ስብሰባው እንዳልቀረ ተረዳሁ። የጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ በወረቀት ላይ ፊቴ ስለማይታይ ምናልባት አንድ ሰው ሳይስቅ ያነበዋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ካሣ አልጠየቅሁም፤ እምብርቴንም መልሱልኝ አላልኩም። ከሰኞ በፊት ሐኪምዎ እህቴን ያስጠራና ስለ እናታችን ጆሮ ይጠይቃት። ከዚያም ዓይኗን እያየ «ጠባሳው አይጠፋም፤ እንደ እህትሽ ሊያድግም ይችላል» ይበላት። እንዲህ ተብላ ከገባች በገዛ ፈቃዷ ገባች፤ አፌን እዘጋለሁ። ሐኪምዎ ለቃላት ጊዜ ከሌለው «አይጠፋም» ብቻ ይበቃታል። ፊደሎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አምስት ናቸው፤ ከ«ይቀራል» የሚበልጡት በአንድ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ጽሑፍ በትዕግሥት እንደሚያነቡ፣ ካላነበቡም ስብሰባ ላይ ሆነው እንደሆነ ከልብ በማመን፣ ለዓሦችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ግድግዳዎን ያለ ክፍያና ያለ ራስ በማስጌጥ ላይ የምገኘው፣

አክባሪዎ፣
«በኋላ» ተብዬ የተሰቀልኩት፣ የቀድሞ አንሶላ ተኳሽ፣ የአሁን ፎጣ አጣፊ።

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። እንደ እሷ አባባል እንዲህ ያለ የሚያስቅ ነገር ሰምታ አታውቅም፤ ለደንበኞቿ ልታነብላቸው አንድ ቅጂ ወስዳለች። ሰኞም ትመጣለች። ለብቻዋ ስለማልለቃት እኔም አብሬያት እመጣለሁ። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ባይሳካልዎ፣ ከመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች አንዱን የእጅ መደገፊያ ያለው ያድርጉልኝ። ስትወጣ ደግፌ የማስነሣት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ደግሞ አስቀድሜ እኔው ራሴ መነሣት አለብኝ።