«ዝግ» ብሎ ማለፍን ላስቀሩት የቆጣሪ አንባቢያችን

የማኅበራችን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ በኋላም የታሪፍና ዕቅድ ኃላፊ የነበሩት፣ አባላት «ጋሼ ጠብታ» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መነጽራቸውና የንባብ መዝገባቸው አሁንም ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው። ለውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራችን ሐዘኑ ከባድ ነው።

ሥራ የጀመሩት ማኅበሩ በተመሠረተ በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ አንባቢ አንኳኩቶ በር ካልተከፈተለት «ዝግ» ብሎ ያልፋል፤ ጽሕፈት ቤቱም ሒሳቡን በግምት ያወጣል።

በማኅበሩ ሰባተኛ ዓመት፣ ዳገቱ መጨረሻ ላይ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንዲት አረጋዊት እናት አራት ወር በተከታታይ «ዝግ» ተባሉ። የግምቱ ሒሳብ ከአቅማቸው በላይ ሆነ፤ መስመራቸው ተቆረጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከበሩ ጀርባ፣ ባዶ ባልዲ አጠገባቸው ሆኖ፣ ሞተው ተገኙ። ቤቱ ዝግ አልነበረም፤ ዝግ ያለው የእናቲቱ እርምጃ ነበር። አንኳኩተው ሳይጠብቁ የሄዱት ጋሼ ጠብታ ናቸው። ቃሉን አራት ጊዜ ሳትጠይቅ መዝገብ ላይ ያሰፈረችውና የመቁረጫ ትእዛዙን የጻፈችው፣ ይህን መግለጫ ያዘጋጀችው የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ይህ እስከ ዛሬ በጽሑፍ አልወጣም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ጠብታ በየደጁ አንኳኩተው እስከ መቶ ይቆጥሩ ነበር። አዲስ ለሚቀጠሩ አንባቢዎችም «አንኳኩቶ መሮጥ የልጅ ጨዋታ ነው» ይሉ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት በየቤቱ ዞረው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ስንት ባልዲ እንደሚበቃ ጠየቁ። ለእያንዳንዱ ሰው በወር ሁለት ሜትር ኪዩብ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲቀርብ፣ ከዚያ በላይ የሚጠቀም ደግሞ ለአሮጌው ቧንቧ መተኪያ ጭምር እንዲከፍል ሐሳብ አቀረቡ። በጉባኤው አንድ የመኪና እጥበት ባለቤት «ታዲያ መኪናውን በምራቄ ልጠበው?» ሲሉ፣ «በውሃ እጠብ እንጂ ወንድሜ፤ ብቻ በእናቶች የመጠጥ ውሃ ዋጋ አይሁን» ብለው መለሱ። ታሪፉ በሦስት ድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት የአሥር ዓመቱን ዕቅድ አዘጋጁ። ውሃው ባነሰበት ዓመት አንድም ቤት ከወረፋ ያልወጣው በዚሁ ዕቅድ ነው። በዕቅዱ የሰፈረው የቤቶች ቁጥር ግን ሁልጊዜ ከቆጠራው በአንድ ይበልጥ ነበር። ኮሚቴው እንዲያርሙት ሲጠይቃቸው «እየመጡ ነው፤ ትንሽ እንታገሣቸው» ብለዋል።

ከሕልፈታቸው በኋላ መዝገባቸው ሲመረመር፣ ሰው የማይኖርበት የዳገቱ ቤት ንባብ በየወሩ ሁለት ሜትር ኪዩብ ሲጨምር ተገኝቷል። የቧንቧ ሠራተኛችን ቆፍረው መስመሩ እንደተቆረጠ፣ ጫፉም ደረቅና የዛገ እንደሆነ አረጋግጠዋል። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ግን ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው። በሪፖርታቸው «ቆጣሪው አልተበላሸም» ብለዋል። ተመልሰው እንዲያዩት ሲጠየቁ «በቀን ከሆነ፣ ሰው ከጨመራችሁልኝ» ሲሉ ተስማምተዋል።

ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የአንባቢዎችን ጊዜ ለመቆጠብ «ዝግ» እና የግምት ሒሳብ ይመለሱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጋሼ ጠብታ ከሕመም አልጋቸው በላኩት የመጨረሻ ደብዳቤ፣ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት አንድ ጊዜ የዳገቱን ቤት አንኳኩቶ እንዲጠብቅ ለምነዋል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ደጃቸው ላይ ቆመው ለጠበቋቸው አባላትና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

በልመናቸው መሠረት ጸሐፊዋና የቧንቧ ሠራተኛው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሄደው አንኳኩተዋል። ቆጠራው ሰማንያ ሲደርስ ከውስጥ ኮቴ ተሰምቷል። የሁለት ሰው ነበር፤ አንደኛው ዝግ ያለ፣ ሌላው እሱን እየጠበቀ የሚራመድ።

ኮሚቴው ሐሳቡን ከአጀንዳ አውጥቷል። በዚህ ወር መዝገብ፣ በዚያ ቤት ትይዩ የሰፈረው «እየመጡ ነው» የሚል ነው።