የመዳቢው ፊርማ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ። የባሕሩ በረዶ ወደቡን ዘግቶታል። ጀልባ ከመጣች አምስት ቀኗ። ምሳ የጨው ሥጋና ድንች። ጎመን አልቋል። ዳሌዬ ደህና ነው፣ ደረጃ ላይ ብቻ ይወጋኛል።

ኬዚያ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የሚመጣው ዓመት ትምህርት መምረጫ ነው አለች። ፊቱም ጀርባውም በትናንሽ ሣጥን የተሞላ፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር የሚያህል። ርዕሰ መምህሩ ፓርዲ ራሱ ምልክት ምልክት አድርጎበታል። የቀረው የቤተሰብ ፊርማ ነው። እናቷ አልበርታ፣ ነዳጅ የሚያወጡበት ሠፈር ነች፤ የምትመጣው ለገና ብቻ ነው። ስለዚህ ፈራሚው እኔ፣ አያቷ።

"የሒሳቡን ነገር ምን ትላለህ አባባ?" አለችኝ።

ምን እላለሁ... ዓሣ መዳቢ የገዛ ዘመዱን ዓሣ አይመድብም አልኳት። ዓሣ በደረጃ በደረጃ እየለየሁ ስመድብ በነበረበት ዘመን ደንቡ እንደዚያ ነበር። የወንድሜ ጀልባ ስትራገፍ እንኳ ከጠረጴዛው ዞር ብዬ ቆሜአለሁ። ይሄ አንደኛ፣ ይሄ መካከለኛው ማዴራ፣ ይሄ የመጨረሻው ዌስት ኢንዲያ ብሎ ያየለት ሌላ ሰው ነው። የልጅ ልጄንም እንደዚያው። የሚያውቅ ይመድባት።

ፈረምኩ። ባለቤቴ ድሩሲላ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያስተማረችኝ ፊርማ አሁንም ያምራል። የመጨረሻዋን ጭራ ረዘም አድርጌ ሳብኳት።

ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ሻይዋን አልጠጣችም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ጭጋግ። ምንም የለም።

ድሩሲላ ብትሆን ከጭጋግ ውስጥም የሚጻፍ አታጣም ነበር። ይህን የቀን ማስታወሻ አርባ አንድ ዓመት ጻፈች። አደራ ብላኝ ነው እንጂ እኔና ብዕር ምን አገናኘን? የራሴን ጽሑፍ አነባለሁ። የሌላው ነው የሚያስቸግረኝ። ደግሞ ይሄ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ደሜ ፈልቷል።

ሊያንደር መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ፣ ምላሱ መርፌ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ፣ "ያንተዋ ታችኛው ክምር ላይ ተጣለች አሉ" አለኝ። የእሱ የልጅ ልጅ ዶርካስ ከኬዚያ ጋር አንድ ክፍል ነች፣ ወሬው ከእሷ ነው። የምን ክምር? አልኩት።

"የሒሳብ ነዋ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል፣ ሌላው አያስገባም። አንተ አይደለህ እንዴ የፈረምከው?"

አውቃለሁ አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ኬዚያ እስክትመጣ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ስትመጣ ጠየቅኳት። እውነት ነው። ታችኛው ሒሳብ እንጨትና ቧንቧ ለመለካት ነው። ነውር የለበትም፣ እኔም በእሱ ኖሬአለሁ። እሷ የምትፈልገው ግን የመርከብ ሞተር ነው። ያንን የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ታችኛውን ሒሳብ አይቀበልም። አሁን ታች የገባ ደግሞ ኋላ ልውጣ ቢል ጊዜው ያልፍበታል።

ይቺን ልጅ ነው ታች ያደረጓት! በአሥራ ሦስት ዓመቷ የአባቴን የጀልባ ሞተር፣ ሠላሳ ዓመት ዝጎ የተቀመጠውን፣ ፈትታ አጥባ ገጥማ ያስነሣች ልጅ። ቱክ ቱክ ሲል ወደቡ በሙሉ ወጥቶ ነው ያየው።

ለምን አልነገርሽኝም? አልኳት።

"ጠየቅኩህ እኮ። ዞር አልክ።"

ተነሣች። ሳህን አጠበች።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23

ትምህርት ቤት ሄድኩ። በእግሬ። ከዘራ ሳልይዝ።

ፓርዲ የከተማ ሰው ነው፣ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ። ኮምፒውተሩን እያየ ነው የሚያናግረኝ። ልጅቷ ከገና ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርታለች አለኝ። ውጤቷ ወርዷል፣ ከባዱ ክፍል ገብታ ከምትወድቅ ቀለል ያለው ይሻላታል፣ ለእሷው ብለን ነው...

ለእሷው ብለው!

አሥራ ዘጠኙን ቀን የት የነበረች መሰለህ? አልኩት። ጃንዋሪ ላይ በረዶ አንሸራቶ ሲጥለኝ ከአልጋ ማን ያነሣኝ ነበር? እንጨት ማን ያስገባ ነበር? እኔን ማስታመሟን ከእሷ ላይ ትቆርጣለህ? ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ውጭ ያለችው ጸሐፊዋ ኤፊ ሁሉን ሰምታለች።

"አዝናለሁ አቶ ፌልታም። አላወቅኩም። ግን ወረቀቱ ቤት ተልኮ ነበር። አይተው ፈርመውበታል።"

ወረቀቱን አዞረልኝ። ቆንጆዋ ፊርማዬ...

ዝርዝሩ ባለፈው ዓርብ ተዘግቷል አለ። ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን ቀስ አድርጌ አልዘጋሁትም።

አንዲት ነገር ብናገር ኖሮ። ይዣት ወደ ቤት ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 28

በረዶው ተሰነጣጥቋል። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የሰው ፊት ማየት አስጠላኝ።

የፓርዲ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የት ነው የማውቀው ስል ስል... የራሴ ፊት ነው። የድሮው።

በሃያ አንድ ዓመቴ ነው ምዬ መዳቢ የሆንኩት፣ በዚህ ዳርቻ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ መዳቢ አልነበረም። ዓሣውን አንዴ አገላብጬ ወደ ክምሩ እወረውረዋለሁ። የወረወርኩት አይመለስም። ባለዓሣው አጠገቤ ይቆማል፣ አንድ ቃል አይናገርም፤ ክረምቱን ሙሉ የሚበላው በእኔ እጅ ነው። ሕፃናት ጭምር ያከብሩኝ ነበር። ወይስ ይፈሩኝ ነበር?

የሊያንደር አባት፣ ሽማግሌው ሴልቢ፣ ዓሣውን ያመጣ ቀን ዝናብ ነበር። መጋዘኑ ጨለማ። ግማሹን ዌስት ኢንዲያ ላይ ጣልኩት፣ የመጨረሻው ክምር ላይ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ሳልፍ አየሁት። ማዴራ ነበር። ጥርት ያለ ማዴራ።

መመለስ እችል ነበር። "ተሳስቻለሁ" ማለት ብቻ ነበር። አላልኩም። መዳቢ ተሳሳትኩ ካለ ነገ ማን ያምነዋል ብዬ። ያን ክረምት እነሱ ቤት ዱቄት ማለቁን ሁሉም ያውቃል።

ሊያንደር ይሄን ያውቅ ይሆን?

ሐሙስ፣ ሜይ 2

ሄድኩ። ዛሬ ከዘራዬን ይዤ።

ፓርዲ ገና ሳልቀመጥ ዝርዝሩ እኮ ተዘግቷል ማለት ጀመረ። ዝም በል አልኩት። ልጄ፣ ዝም በልና ስማኝ።

"ያንን ወረቀት አላነበብኩትም። ማንበብ አልቻልኩም። የጻፍከውን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት።"

ከኤፊ በኩል የመተየቢያው ታካታካ ቆመ። ጆሮዬ ጋለ። እስከ ሰማንያ አንድ ዓመቴ የደበቅኩትን ጢሙ ላላደገ ልጅ ሰጠሁት!

ልጁ ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳ አዞረው። ሌሎች ወላጆችም... ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ግን አልተውኩትም። አንተ ፊርማ ስታይ ዓይን ያየ ይመስልሃል አልኩት። በዚህ ደሴት ሰው ነጋዴው ያቀረበለትን ሁሉ ሲፈርም ነው የኖረው። አንብብልኝ ማለት ውርደት ነው። ይህን ሳታውቅ ነው ወረቀት የምትልከው? ልጆቻችንን እንደ ዓሣ ስትወረውር አንድ ቀን እንኳ ቤታችን መጥተህ አንኳኩተሃል?

አላንኳኳሁም አለ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን 14 ፈተና ትቀመጣለች። ከስልሳ አምስት በላይ ካመጣች ላይኛው ሒሳብ ትገባለች። ለዚያ የሚሆን አስተማሪ እዚህ ስለሌለ በስክሪን ነው የምትማረው። የበላይ ቢሮውን ፈቃድ እሱ ራሱ ሊጠይቅ ነው።

ከልብህ ነው? አልኩት። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎ አለ፣ እንደኛ ሰው። ከማን ተማረው?

እሑድ፣ ሜይ 5

ኤፊ አፏ አያርፍም። ወደቡ በሙሉ ሰምቷል። ሊያንደር እየሳቀ ገባ።

"ስልሳ ዓመት ጋዜጣ ገልብጠህ ስትይዝ የማናውቅ መስሎህ ነበር?"

ውጣ ልለው ነበር። ግን ከወጣ የሴልቢን ዓሣ መቼ እነግረዋለሁ? ነገርኩት። ዝናቡን፣ ጨለማውን፣ በማግስቱ ያየሁትን። ሳቁ ጠፋ። የቆርቆሮ ወተት ሻዩ ላይ ጨመረ፣ አማሰለ፣ አማሰለ...

"አባቴ ያውቅ ነበር። እሱን ያቃጠለው ዓሣው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስታየው አንገትህን መስበርህ ነበር።"

ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ነገ ይመጣ ይሆን?

ሰኞ፣ ሜይ 6

መጣ።

እሑድ፣ ሜይ 19

ኬዚያ ከእራት በፊት ሒሳብ ትሠራለች። እኔ ደግሞ የዱቄቱን ከረጢት አነባለሁ፣ ጀርባውን። እሷ ነች ያዘዘችኝ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እታዘዛለሁ እንዴ? "የዘለልካት ቃል አለች አባባ" ትለኛለች ቀና ሳትል። እዘላለሁ እንጂ፣ ምን ያህሉ ጨው እንደሆነ እኔን ምን አገባኝ?

መልሼ አነበብኩት።

ዓርብ፣ ጁን 14

ተፈተነች። ስትመለስ ዓሣ ማዘጋጃ ጎጆው ገብታ ሞተሩን ፈታችው። ደህና የነበረውን።

ሰኞ፣ ጁን 17

ሰባ አራት!

ካፕሊን የምንለው ዓሣም ዛሬ ወደ ዳርቻው ወጣ። ዳርቻው በትንንሽ ዓሣ ብር መሰለ። አንድ ባልዲ ሞላን፣ ጠብሰን በላን። ለእናቷ ደወለች። እኔ አልደወልኩም፣ ድምፄ ልክ አልነበረም።

ዓርብ፣ ጁን 21

የመጨረሻው ማረጋገጫ ወረቀት ለየቤቱ ተላከ። አሁንም ሣጥን፣ አሁንም ጉንዳን። ኬዚያ ብዕር ስትሰጠኝ ቆይ አልኳት። ይሄንን ብቻዬን ነው የማነበው።

ከምሳ እስከ ሻይ ፈጀብኝ። እንግሊዝኛ... ሳይንስ... እያንዳንዱን በጣቴ። ሒሳቡ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ሁለት ሣጥን። ምልክቱ ታችኛው ላይ።

ተሳስቼ መሰለኝ። ደግሜ አነበብኩ። ታችኛው።

ሰባ አራት አምጥታ! የእኔን ክብር መሬት ላይ አስጥለው! ኮቴን በሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ... አይ፣ ሱሪ ለብሻለሁ። እንደዚያ ነበር የቸኮልኩት ለማለት ነው።

ፓርዲ የለም፣ ቢሮው ኤፊ ብቻ። አየችው፣ ቀላች። ከድሮው ዝርዝር ነው የገለበጥኩት ጋሽ ሄድሊ አለች። ይተዉት፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ።

ሰኞ የለም አልኳት። አሁን። ዕቃ ዕቃ አስመስለሽ አትሸኚኝ።

ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ እያየሁ አስተካከለችው። ስክሪኑን አዙሪልኝ አልኳት። አዞረችው። ኬዚያ ፌልታም። ሒሳብ። ላይኛው። ራሴ አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ። አዲሱ ወረቀት ታተመ። እሱንም አነበብኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

ስወጣ ጠረጴዛዋ ላይ የሌሎቹ ክምር ነበር። ተፈርሞ የመጣ። ከላይ ያለውን አየሁት፣ ቆንጆ ፊርማ ነው... ማን አንብቦት ይሆን?

እሑድ፣ ጁን 23

ነፋስ ከደቡብ። ፀሐይ። ኬዚያ ሞተሩን መልሳ ገጥማዋለች፣ ከዚህ ይሰማል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያንደር መጣ። አልቀለደም። ኮቱ ውስጥ አንድ ነገር ደብቋል። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ የዶርካስ ወረቀት ነው። ገና አልተፈረመም።

"መነጽሬን ረስቼ ነው" አለኝ።

ሊያንደር መነጽር ኖሮት አያውቅም።

ተቀመጥ አልኩት። ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፍኩ።