ዛፎቼን የሰረዝኩበት ሰሜስተር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ከሰፈራችን ከዜባህ የተሳፈርኩበት ትራም ላይ ቁጭ ብዬ ዛፍ ስስል ፌርማታዬን አለፍኩ። እንደ ልማዴ። ክፍል ዘግይቼ ገባሁ። ዛፉ ግን አምሯል።

ሥዕል ልማር ነበር ኮሌጅ የገባሁት። "ጌም ዲዛይንም ያው ሥዕል ነው" ብዬ ራሴን አታልዬ ተዛወርኩ። ባለፈው ሰሜስተር ፕሮጀክቴ ወደቀ። ይሄኛውም ከወደቀ ያሰናብቱኛል። ጌሙ እንዲህ ነው... አንዲት ልጅ ጫካ ውስጥ የጠፋ ወንድሟን ትፈልጋለች። እስካሁን ያለው ጫካው ነው። ልጅቷም አለች። መራመድ አልጀመረችም እንጂ።

አባዬ እራት ላይ፦ "የምትማሪው ጌም መሥራት ነው መጫወት?"

"መሥራት።"

"ታዲያ መቼ ነው ሰው የሚጫወተው?"

ጥሩ ጥያቄ። ድንቹን አቀበልኩት።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ሙከራ። የክፍል ልጆች ተራ በተራ ተቀምጠው ተጫወቱ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሠራው ሰው ከኋላ ቆሞ ዝም ይላል። እኔና ዝም ማለት! "ወደ ግራ... አይ፣ ቆይ፣ የግንዱን ቅርፊት አየሽው? በእጄ ነው የሳልኩት..."

አንዷ ማዳመጫዋን አወለቀች። "በጣም ቆንጆ ነው። ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር።"

"ጨዋታውስ?"

"የትኛው ጨዋታ?"

መምህራችን ፍራው አማን ምንም አልጻፉም። የሚጻፍ ነገር አልነበረማ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ኮድ ጻፍኩ! ልጅቷ ተራመደች! ትንሽ ሄደችና መሬት ውስጥ ሰጠመች። ወደ ታች... ወደ ታች... እስካሁንም እየወረደች ይመስለኛል።

ሉቃስን ጠራሁት። የፕሮጀክት ጓደኛዬ ነው። ጄኔቭ ተወልዶ ያደገ፣ ኮድ እንደ ውኃ የሚፈስለት፣ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን የሚንተባተብ። አይቶ ሳቀ።

"አንቺ መሬት የለሽም።"

"ይኸው መሬት! ሣር እንኳ አለው።"

"ኖን፣ ኖን። ይሄ ሥዕል ነው። ለኮምፒውተር 'ይሄ መሬት' አላልሽም።"

ሳምንቱን ሙሉ ሣር ስስል ከርሜ መሬት ነህ አላልኩትም። ሰው ይህን ይረሳል?

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ከሉቃስ ጋር ተጣላን። ኅዳር መጨረሻ ጄኔቭ የተማሪዎች የጌም ትርኢት አለ። ፍራው አማን ውጤት የሚሰጡት እዚያ አይተው ነው። እሱ ደግሞ፣ "ዛፍ ብዙ፣ ጨዋታ ትንሽ። ዛፍ እንቀንስ" አለ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አንተ መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ልመድ።"

ፊቱ... ላፕቶፑን ከደነ፣ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለና ሄደ። አልገባኝም። አለመግባቱ ሳይሻል አይቀርም።

እኔስ ጀርመንኛ ስጀምር ስንቱ ስቆብኛል? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሕንፃው የልብስ ማጠቢያ ተራ የእኛ ነበር። ምድር ቤት ወርጄ አንሶላ እያሰጣሁ መብራቱ በራሱ ጠፋ። ደቂቃው ሲሞላ ይጠፋል። ማብሪያው ደግሞ ወዲያ በሩ ጋ። በጨለማው ቆሜ ቀረሁ። አባዬ ሁለተኛውን ቅርጫት ይዞ እየወረደ፣ "ኢብቲ! የት ነሽ?"

ምን እንደነካኝ እንጃ። "አልነጋም!" አልኩ።

 አባዬ ትራም ሹፌር ነው፤ ቀልድም በሰዓቱና በፌርማታው ካልሆነ አይወድም። ተቆጣ ብዬ ስጠብቅ፣ ከጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ...

"ኩኩሉ!"

"አልነጋም!" በአንሶላ ሥር ሹልክ።

"ኩኩሉ!" ቀረበ።

በደንበኛው ድብብቆሽ ከተደበቁ በኋላ "ነጋ" ይባልና ጸጥ ነው። አባዬ ግን መጣራቱን አልተው አለ። እኔም መለስኩ። በመለስኩ ቁጥር ድምፄ ያለሁበትን ያሳብቅብኛል። ካልመለስኩ ደግሞ ምኑን ጨዋታ ሆነው? በአሥር ዓመቴ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ወዲህ ልቤ እንዲህ መትቶ አያውቅም።

መብራቱ ቦግ አለ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልብሷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። አባዬ እጆቹን ዘርግቶ፣ የትራስ ልብስ አናቱ ላይ። እኔ እርጥብ አንሶላ ሥር ቁጢጥ ብዬ።

"ግሩኤፂ" ብሎ ሰላም አላት አባዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ደረጃውን ስወጣ ነው የገባኝ። ጌሙ ይሄ ነው። ጨለማና ድምፅ ብቻ። ዛፍ የለም።

ዛፍ የለም?!

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ሉቃስን ይቅርታ ጠየቅሁት። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ... አንዱንም ዓረፍተ ነገር አልጨረስኩም። "አሁን እኩል" አለኝ። ሳቀ፣ አልሐምዱሊላህ።

ኮሪደር ላይ ዓይኑን አስጨፍኜ ኩኩሉ አስተማርኩት። አያውቀውም። ጌሙንም ነገርኩት፦ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ አንዱ እየተጣራ ይፈልግሃል፤ አንተ በማይክራፎን እየመለስክ በኪቦርዱ ትሸሻለህ።

"ለምን እመልሳለሁ? ዝም ብል አያገኘኝም።"

"ዝም ካልክ ትቶህ ይሄዳል። ብቻህን ትቀራለህ።"

ሳላስበው ነው ያልኩት። ሉቃስ ግን፣ "ቮላ፣ በቃ ይሄ ነው" አለ። "እንደዚህ ነው ሰው የሚሸነፈው።"

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዛፎቼን ሰረዝኩ። ምሳ አልበላሁም። አንዷን ዋርካ ደብቄያታለሁ፤ ሉቃስ እንዳይሰማ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

የአባዬን ድምፅ ቀዳን፣ እዚያው ምድር ቤት። ከረባት አሥሮ ወረደ።

"ድምፅ ብቻ እኮ ነው አባዬ።"

"ድምፅስ ቢሆን ተዝረክርኮ ይውጣ?"

እማዬ ከላይ፣ "ኧረ ጎረቤት ምን ይለናል!" እሷም ተቀድታለች። ሉቃስ ይቆይ አለ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ጄኔቭ። የሉቃስ እናት፣ እትዬ ሕብስት ቤት አደርኩ። በሩን ሳይከፍቱ ጀምሮ ተጨንቀው ነበር መሰለኝ፣ "ልጄ፣ ጾም ገብቷል፣ ቤቴ ሥጋ የለም። ያንቺ የእኔ ማለት ቀረልን" አሉኝ። ሽሮውን ሁለቴ አስጨመርኩ።

ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ነው። ስለ እኔም ጭምር። በመሃል "ዛፍ" የምትል ቃል ሰማሁ። ስሜ በዚህ ከተማም ተዋርዷል።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

በግራችን የዘንዶ ጌም፣ በቀኛችን የጠፈር። መሃል ላይ የእኛ ጥቁር ስክሪን። ሰዉ እያየን ያልፋል። አንዱ ደግ ሰው የተበላሸ መስሎት ገመዱን ነቅሎ ሰካልን። አንዷ ካፖርቷን ጠረጴዛችን ላይ አኖረች። እስከ ምሳ አንድ ሰው አልተቀመጠም። ፍራው አማን ከሩቅ አይተውን ወደ ዘንዶው ሄዱ።

ዋርካዋ ላፕቶፔ ውስጥ ነበረች። "አንዲት ዛፍ ብቻ ብናስገባ..." አልኩት።

"ኖን።"

ኋላ እትዬ ሕብስት መጡ። "ጠፍቷል እንዴ?" እያሉ ተቀመጡ። ሉቃስ ማዳመጫውን አደረገላቸው። ጥቂት ቆይተው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የአባዬ ድምፅ ደርሷቸዋል።

"አልነጋም!"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ባንክ ቤት የሚሠሩ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው፤ ወንበሩን ትተው ጠረጴዛው ሥር ተደበቁ። በኪቦርዱ ነው የሚሸሹት ብዬ ላስረዳ ስል ሉቃስ ክንዴን ያዘኝ። ተውኳቸው።

"አልነጋም! አልነጋም አልኩህ!"

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። ሉቃስ ለማያውቃቸው ሰዎች "አልነጋም" ያስጠናል፣ እነሱም ይሰባብሩታል፣ እሱም ያርማል! ፍራው አማንም ተሰለፉ። ወዲያው ተገኙ። "ኖኽማል!" አሉ፣ ድገሙልኝ ማለታቸው ነው። እንደገና ተገኙ። በሦስተኛው ፈርተው ይመስለኛል ዝም አሉ። የአባዬ ድምፅ እየራቀ... እየራቀ... ጠፋ። ማዳመጫውን ሳያወልቁ ትንሽ ቆዩ።

"ይሄ ጨካኝ ነገር ነው" አሉኝ። ከዚያ ጻፉ። ብዙ ጻፉ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

አለፍን። ሽልማቱን ዘንዶው ወሰደ፣ ይገባዋል።

እትዬ ሕብስት ደወሉ። "ምን አስተማርሽብኝ? ሉቃስ ለእረፍት ቤት መጥቶ፣ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ኩኩሉ ይለኛል። ትናንት ደግሞ ልጅ ሆነሽ የት ነበር የምትደበቂው ብሎ ጠየቀኝ። በአማርኛ። ሰፈራችንን ስነግረው አመሸሁ።"  ደህና ይዋሉ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከሰዓት አባዬ ሊጫወት ተቀመጠ። ድምፁ ሲጠራው መለሰ፣ ሸሸ፣ ተያዘ። ተናደደ።

"ምን ዓይነት ሰው ነው? ትንሽ ፋታ አይሰጥም?"

"አንተ እኮ ነህ አባዬ።"

"እኔ? እኔ እንዲህ አልጮህም!"

እማዬ ከሳቋ ብዛት ሶፋው ላይ ወደቀች። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። "በይ አሳዪኝ። መቅረቤን እንዴት ነው የሚያውቀው?" ኮዱን ከፈትኩ። በጣቴ እያሳየሁ፣ ይሄ ርቀቱ፣ ይሄ ድምፁ... እያልኩ መስመር በመስመር ነገርኩት። የቱ ጋ እንደገባውና የቱ ጋ እንዳልገባው አላውቅም፤ ግን ይጠይቃል። ደግሞ የሚቀጥለው ጌም ምንድን ነው አለኝ። ያሰብኩትን ነገርኩት። እስኪመሽ ስናወራ ዋልን።

ዛሬ ምንም አልሳልኩም። አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።