ለእናቴ ሕመም ዜሮ ለሰጡት ክቡር ዳይሬክተር

በሮቢንስዴል ላለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ክቡር ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የተሟላ ጤናን፣ በተለይም በሁለቱም ጎንዎ ያለ ሥቃይ መተኛትን ለክቡርነትዎ እመኛለሁ። ጽጌሬዳ አክሊል እባላለሁ፤ ካንሰር ይዟት በእርስዎ ቤት የመጨረሻ ቀኖቿን የምትገፋው የወይዘሮ ዘመናይ ልጅ ነኝ። ትናንት በቢሮዎ በትሕትና የለመንሁትን ስለከለከሉኝ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ እየሰማ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ከመተኛት ብዛት ወገቧ ላይ የወጣው ቁስል እንደማይድን ሳይደብቁ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሰውነት ሊሰናበት ሲል ቆዳም አብሮ እንደሚደክም፣ የቀረን ሥራ ሽታውንና ሕመሙን ማስታገስ እንደሆነ ሲያስረዱኝ አልቅሼ ተቀብያለሁ። ሽታውንስ አስታግሰዋል፤ የክፍሏን በር አስዘግተውታል።

ሁለተኛ፣ ፋሻው ከመቀየሩ በፊት ማስታገሻ ይሰጣት ብልዎ፣ ሕመሟ በመዝገባችሁ ከዐሥር ዜሮ ስለሆነ አያስፈልጋትም አሉኝ። ዜሮው እንዴት እንደተገኘ ልንገርዎ። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ አማካይነት ሕመም ይሰማት እንደሆነ ትጠይቃታለች፤ እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ ለጠያቂ እንደምትመልሰው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ትላለች፤ ነርሷም ዜሮ ብላ ትመዘግባለች። ክቡር ሆይ፣ እርሷ ባደገችበት ቤት ሊጠይቃት የመጣን ሰው በእሮሮ መቀበል ነውር ነው፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ እንግዳዋን ታስተናግዳለች። አስተርጓሚው አንድም ቃል አልሳተም። ፊቷን ያላየ እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱስ ስልክ ላይ ነው። ፋሻው ሲነሣ የነጠላዋን ጥለት ነክሳ እንባዋ ትራሱን ሲያርሰው አጠገቧ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ስነግርዎ ፈገግ ብለው «ስዊት ሌዲ! አንድ ቀን እንኳ ኮምፕሌይን አድርጋ አታውቅም» ስላሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ጨዋ በመሆኑ የሚቀጣበት ቤት ግን ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።

አራተኛ የለኝም። ተናድጃለሁ፤ ይበቃል።

ከነገ ጀምሮ አልለምንም። ወንበሬን ከአልጋዋ ጎን አስጠግቼ እቀመጣለሁ፤ መድኃኒቱ ተሰጥቷት እስኪሠራ ድረስም ያንን ፋሻ ማንም አይነካውም። እኔን ለማስወጣት ፖሊስ መጥራት ካሰኘዎት መብትዎ ነው፤ የሴንት ፖል እድርተኞቻችን ግን ለለቅሶ ብቻ ሳይሆን ለጥየቃም ነቅለው መውጣት ያውቁበታል። ወንበር ቢያዘጋጁ ደግ ነው።

ጉልበትዎን በመሳም ፈንታ ከወንበሬ ሳልነሣ እጅ የምነሣዎት፣

አክባሪዎ ጽጌሬዳ አክሊል
ከኩን ራፒድስ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት በእናቴ ክፍል ሲያልፉ ደህንነትዎን ጠይቃዎት «ፋይን፣ ፋይን» ብለው መሄድዎን ያስታውሱ ይሆናል። አላመነችዎትም። «እኚህ ሰውዬ ፊታቸው ልክ አይደለም፤ አንድ ነገር አለባቸው። እስቲ ደግመሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ። እኛ ሰውን ደጋግመን የምንጠይቀው የመጀመሪያውን መልስ ስለማናምን ነው። እንግዲህ አደራዋን ላድርስ፦ ደህና ነዎት?